ዓመቱ እስኪሞላ

በአፎ ገበያ ቀን፣ ከኢሮኮው ዛፍ ሥር፣
ነጭ አውራ በግ ታስሮ፣ አንድ ሰው ሳይቀር፣
ባሌ ማለ፦
«አማዲዮሃ ስማኝ፤ ከሟች ወንድሜ ቤት
ገፍቼ እንደሆነ አንዲት ስንዝር መሬት፣
ዓመቱ ሳይሞላ ሰማይህ ያግኘኝ፣
እንደ ደረቅ ዘንባባ ካናቴ ይፍለጠኝ።»
ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።
የኔ ጉልበት እንጂ።
የመሐላው በግ እንኳ ዓይኔን ዓይኔን አየኝ፣
«ዶማውን ያጠብሽው አንቺ ነሽ?» መሰለኝ።

ጨረቃ አልነበረም። አራት እርምጃ ነው።
ኦጊሪሲውን ነቅሎ ወዲያ ወስዶ ሰካው።
ኦጊሪሲ ማለት ያገሬ ድንበር ነው፤
ዱላ አርገህ ብትተክለው፣ አፈሩ ከያዘው
ሥር ሰዶ ይለመልማል።
«የማን ነው ይሄ ማሳ?» ብሎ አይጠይቅም፤
እንጨት ነው፤ ባለቤት አያውቅም።

የባሏ መቃብር ሣር ገና ሳያበቅል፣
ኢሁዋኩ ወጣች፣ ቦዬዋን ልትተክል።
እርምጃዋን ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤
አራት ጎደለባት፤ «ሽማግሌ ይየኝ» አለች።
ሽማግሌ ተቀመጠ።
ሽማግሌ ዝናብ አያዘንብ፤ ነገሩን ለሚያዘንበው ሰጠ።

ከዚያ ክረምት መጣ።
እዚህ አገር ዝናብ ደጅ አይጠናም፤ አያንኳኳም፤
ቆርቆሮውን ረግጦ ይገባል፤ እንግዳ ነኝ አይልም።
ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ባሌ ይስቃል፤
«ሽማግሌው ከበሮውን እየወጠረ ነው» ይላል።
እጁ ግን ብርድ ልብሱን ጨብጧል።

እኔ በጨለማ እነሣለሁ።
ልጆቼን ካባታቸው ጎን አንድ ባንድ እለቅማለሁ፤
መጀመሪያ አኖሲኬን፣ ቀጥሎ ኡካኤግቡን፣
መጨረሻ ምግባፎን፣ በሱ ቀን፣ በአፎ የወለድኳትን፣
ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር አስተኛቸዋለሁ።
«እስከ መቼ ነው እማ?» ስትለኝ ትንሿ፣
«ዓመቱ እስኪሞላ» እላለሁ።
ከዚያ ተመልሼ ከጎኑ እተኛለሁ፤
ዶማ አጣቢ ነኛ።
መብረቁ ሲመጣ እኔን ፍለጋ እንዳይንከራተት።

ተኝቼ እቆጥራለሁ፦
እሱ የመታው አይለቀስለትም፤
በግቢው አፈር አይቀበርም፤
ንብረቱ የመቅደሱ ነው፤ ፍየሎቹ፣ ድስቱ፣ ብስክሌቱ፣
ዕዳው ያላለቀው የስፌት መኪናዬ፣
በጎታ የታሰረው ሁሉ ቦዬ።
ለኔ የሚቀር ስሙ ብቻ፤ እሱንም ማን ይጠራዋል?

ሐምሌ ላይ የጎረቤታችንን ዘንባባ ሰነጠቀ።
ባሌ ጠዋት ሄዶ አየ፤
የከሰለውን ነካ፤ ጣቱን አሸተተ፤
ያን ቀን እህል አልቀመሰም።
መስከረም ላይ ድንበሩ ቅጠል አወጣ፤
ውሸቱ ለመለመ፤ ወፍ ጎጆ ሊሠራበት መጣ።

ደግሞ አላ አለች፤ ምድር፤ የሰማዩ ሚስት፤
አራቱን እርምጃ የያዘች በሆዷ።
እንዴት አልነገረችው?
ማታ ማታ ምን ያወራሉ ሁለቱ?
ወይስ እሷም እንደኔ፣
ታውቃለች፣ ታጥባለች፣ ትተኛለች?

ዓመቱ ሞላ።
ከሰሜን የመጣ አቧራ ዛፉን ሁሉ አለበሰ፤
ባሌ ነጭ ለበሰ፤ ንጹሕ ነውና ደገሰ።
የዘንባባው ጠጅ ቀረበ፤ ኮላው ተቆረሰ።
ኢሁዋኩም መጣች፤ ባትመጣ ነውር ነው።
ጽዋ ሰጧት፤ ተቀበለች፤ አልቀመሰችም።
ካህኑ ሊመርቅ እጁን አነሣ፤
«ሰማይ መስክሯል» አለ።

ምግባፎ በሰው ጉልበት መሃል ሾልካ መጣችና፣
የነጩን ልብስ ጫፍ ይዛ ጎተተችና፣
«አባ፣ ዓመቱ ሞላ አይደል? ዛሬ ማታማ
ካንተ ጎን እንተኛ?
ወይስ እማ ነጎድጓድ ስትሰማ
ዳግም ወደ ግድግዳው ትወስደናለች?»

የካህኑ እጅ አየር ላይ ቀረ።
አንድም ደመና የለም።
ኢሁዋኩ ጽዋዋን መሬት ላይ አኖረች፤
ቀስ ብላ፤ ጠብታ ሳታፈስ።
ከዚያ ሁሉም ዞረው
እኔን አዩኝ።